ለክብራቸው የተቆለፈው በር

ዋርካ ማዶ በምትባል ከተማ እማማ ጥሩወርቅ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። የሚፈልጉት ትንሽ ነገር ነው፤ የልጃቸውን ስም በእጃቸው መዳሰስ። ልጃቸው ሽመክት ጦር ሜዳ ወድቆ ቀረ። አስከሬኑ አልመጣም፤ መቃብርም የለው። አሁን ግን ከተማዋ ለወደቁት ልጆቿ የድንጋይ ሐውልት አቁማ ስማቸውን አስቀረጸች። ከዚያም ክብራቸው እንዳይደፈር ብላ ዙሪያውን በብረት አጥራ በሩን ቆለፈችው።

የምረቃው ዕለት እማማ ማንም ሳይቀድማቸው ደረሱ።

«ልጄ፣ ክፈትልኝ» አሉት ዘበኛውን።

«ቁልፉስ ኪሴ ውስጥ ነው፣ እማማ። የሐውልቱ ኃላፊ ሳያዙኝ ግን አልከፍትም።»

ወደ ኃላፊው ሄዱ። «ልጄ፣ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ። እባክህ እዘዝልኝ።»

«ዘበኛውን አላዝም፤ ሐውልቱን ማንም እንዳይነካው ያለው የምረቃ ኮሚቴው ነው» አለ ኃላፊው።

ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሄዱ። «የኔ ልጅ፣ ኃላፊው ዘበኛውን አላዝም አለ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ። እባክሽ ተናገሪልኝ።»

«ወይ እማማ!» አለች ሰብሳቢዋ። «የጀግኖችን እናቶች እንዴት እናክብር ብለን ስንቴ ተሰብስበናል መሰለዎት! ግን ከንቲባው ሳይፈቅዱ ኃላፊውን አልናገርም።»

ወደ ከንቲባው ሄዱ። «ጌታዬ፣ ሰብሳቢዋ ኃላፊውን አልናገርም አለች፤ ኃላፊው ዘበኛውን አላዝም አለ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ። እርስዎ ይፍቀዱልኝ።»

ከንቲባው የእማማን እጅ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፎቶ ተነሡ። «እናታችን! ይህች ከተማ የቆመችው በእናንተ ነው። ነገር ግን የክብር እንግዳው ሪባን ሳይቆርጡ አልፈቅድም።»

ወደ እንግዳው መኪና ሄደው መስኮቱን አንኳኩ። መስኮቱ የጣት ያህል ዝቅ አለ።

«ጌታዬ፣ ከንቲባው ለሰብሳቢዋ አልፈቅድም አሉ፤ ሰብሳቢዋ ኃላፊውን አልናገርም አለች፤ ኃላፊው ዘበኛውን አላዝም አለ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ። ወርደው ሪባኑን ይቁረጡልኝ።»

«መለከት ሳይነፋ አልወርድም» አለ ከውስጥ ያለው ድምፅ፤ መስኮቱም ተዘጋ።

መለከት ነፊው አስር አለቃ ጓንጉል ናቸው፤ ከሽመክት ጋር አንድ ምሽግ የተኙ። ድንኳኑ ለተጋባዦች ስለሆነ የቀድሞ ወታደሮቹ ሜዳሊያቸውን አድርገው ፀሐይ ላይ ቆመዋል።

«እማማ፣ ምነው ከወዲያ ወዲህ ይላሉ?»

«ምን ላድርግ ብለህ! እንግዳው መለከት ሳይነፋ ከመኪና አልወርድም አሉ፤ ከንቲባው ለሰብሳቢዋ አልፈቅድም አሉ፤ ሰብሳቢዋ ኃላፊውን አልናገርም አለች፤ ኃላፊው ዘበኛውን አላዝም አለ፤ ዘበኛው በሩን አልከፍትም አለ። ሽመክትም እዚያ ተቆልፎበት ቀረ።»

አስር አለቃ መለከቱን ብብታቸው ሥር ሸጎጡ። «በሩ ካልተከፈተ እኔም አልነፋም!» ብለው ጮኹ።

«ኧረ ይቆጡሃል!»

«ተተኩሶብኝ ያውቃል እኮ፣ እማማ። ቁጣ ምን ያደርገኛል?»

የመለከቱ ድምፅ ጠፋ። እንግዳው ከንቲባው ላይ ጮኹ፤ ከንቲባው ሰብሳቢዋ ላይ ጮኹ፤ ሰብሳቢዋ ኃላፊው ላይ ጮኸች፤ ኃላፊው ዘበኛው ላይ ጮኸ፤ ዘበኛው እጁን ኪሱ ከተተ፤ በሩ ተከፈተ።

ከንቲባው ማይኩን ነጥቀው «ይህች ከተማ በጀግኖቿ እናቶች ላይ በሯን ዘግታ አታውቅም!» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው ኃላፊው ነው።

እማማ አልሰሙም። አስር አለቃ ጣታቸውን ይዘው ድንጋዩ ላይ አኖሩላቸው። «ይኸው፤ ሽመክት ማለት ከዚህ እስከዚህ ነው።» እማማ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ እንደገናም ዳሰሱ። እንግዳው መቀሱን ይዘው ቆመው ጠበቁ።

በመጨረሻ አስር አለቃ መለከቱን ወደ አፋቸው ሲያነሡ እማማ ዞር አሉ።

«ቀስ አድርገህ ንፋው፤ ይሄ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በትንሽ ድምፅ ይባንናል።»