ቢጫዋ ዓሣ የፈለገቻት አንዲት ጉድጓድ

ይህ ተረት የሚጀምረው ውሃ በሞላ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። መስታወቱ አንድ ሜትር ከሃያ ይረዝማል። ሐዋሳ ውስጥ፣ በጋሽ መርዕድ ፎቶ ቤት፣ ጉርድ ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ተራ ከሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጧል። በውስጡ ሲክሊድ የሚባሉ ዓሦች ይኖራሉ። የሐይቃችን የቆሮሶ ዘመዶች ናቸው፤ ከቆሮሶ ያነሱ፣ ከቆሮሶ ያማሩ፣ ከቆሮሶ የባሱ ጠበኞች።

ቀድሞ አሥራ አምስት ነበሩ፤ ይጣሉም ነበር። ጋሽ መርዕድ ብዙ አሰቡና ማስታወሻ ደብተራቸውን አውጥተው «ብዛት ጠብ ያመጣል። ከየዓይነቱ አንድ ብቻ ይቅር» ብለው ጻፉ። እንደጻፉትም አደረጉ። አሥራ ሁለቱን በባልዲ አውጥተው ለሰው ሰጡ። ሦስት ቀሩ፤ አንዲት ቢጫ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ባለመስመር።

የቢጫዋ ሆድ በእንቁላል ሞልቷል። እንቁላሏን ከጣለች በኋላ በአፏ ይዛ የምትጠብቅ ዓይነት ናት። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ገብታ የምታርፍባት አንዲት ጉድጓድ። ሰማያዊው ግን የራሱ ዓይነት ሴት ስለሌለችው ቀኑን ሙሉ እሷን ያሳድዳል። ጭራዋ ሁለት ቦታ ላይ ተቀዷል። ማረፊያ ካላገኘች ወይ ትሞታለች፣ ወይ ተሸንፋ ከእሱ ትወልዳለች፤ ልጆቿም ቢጫ አይሆኑ፣ ሰማያዊ አይሆኑ።

ጋሽ መርዕድ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ።

«ሰማያዊ፣ ሦስት ጉድጓድ ይዘሃል። አንዱን ልቀቅላት።»

«አልለቅም» አለ ሰማያዊው። «ባለመስመሩ ፊት ለፊቴ ተገትሮ? አንዱን ብለቅ ገብቶ የሚተኛበት እሱ ነው። መጀመሪያ እሱ ዳር ይያዝ።»

ሰማያዊው ጉድጓድ አይለቅም፤ ቢጫዋም ማረፊያ የላትም።

ጋሽ መርዕድ ወደ ባለመስመሩ ዞሩ። «አንተ ዳር ያዝ። አንተ ዳር ካልያዝክ ሰማያዊው ጉድጓድ አይለቅም፤ ቢጫዋም ማረፊያ የላትም።»

«ዳር ምን አለ ጋሼ?» አለ ባለመስመሩ። «አሸዋ! እሱ ከዚያ ያየኛል፣ እኔ ከዚህ አየዋለሁ፤ ከተያየን ደግሞ መናከስ ነው። በመካከላችን ግድግዳ ይቁምና እሄዳለሁ።»

ከፎቶ ቤቱ ጓሮ፣ አሸንዳው ሥር፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ነበረ። ጋሽ መርዕድ ሄደው አጠገቡ ቆሙ። «ድንጋይ፣ ተነስና ግድግዳ ሁን። አንተ ግድግዳ ካልሆንክ ባለመስመሩ ዳር አይዝም፤ ባለመስመሩ ዳር ካልያዘ ሰማያዊው ጉድጓድ አይለቅም፤ ቢጫዋም ማረፊያ የላትም።»

«በዚህ ሆዴ ነው ግድግዳ የምሆነው?» አለ ድንጋዩ። «ድቡልቡል ነኝ እኮ። ውስጥ ቢያቆሙኝ ተንከባልዬ መስታወቱን እሰብርብዎታለሁ። መጋዝ ጠፍጣፋ አድርጎ ይቁረጠኝ።»

ጋሽ መርዕድ የመስታወቱን ዋጋ አስታወሱና ድንጋዩ ልክ ነው አሉ። በባጃጅ ጭነውት እምነበረድ ወደሚቆርጠው ወደ ጓደኛቸው ወደ ዱካሞ ሄዱ።

«መርዕድ! ዛሬ ደግሞ ድንጋይ ፎቶ ልታነሳ ነው?»

«ቁረጥልኝ። ለዓሣ ነው።»

«ለዓሣ!» ዱካሞ ወገቡን ይዞ ሳቀ። «ሰው ለዓሣ መጥበሻ ይገዛል፣ አንተ ግድግዳ ትሠራለህ!»

«ሳቅህን ጨርስና ስማ። መጋዝህ ድንጋይ ካልቆረጠ ድንጋዩ ግድግዳ አይሆንም፤ ድንጋዩ ግድግዳ ካልሆነ ባለመስመሩ ዳር አይዝም፤ ባለመስመሩ ዳር ካልያዘ ሰማያዊው ጉድጓድ አይለቅም፤ ቢጫዋም ማረፊያ የላትም።»

ዱካሞ ሳቁን አቆመ። መጋዙን በእጁ ዳሰሰው። «ላንተ ስል በቆረጥኩት ነበር። ግን ይሄ መጋዝ ውሃ እየፈሰሰበት ነው የሚሠራው። በደረቁ ካስነሣሁት ስለቱ ይቃጠላል። ፓምፑ ደግሞ ከማክሰኞ ጀምሮ ቆሟል።»

ጋሽ መርዕድ ፓምፑን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ፓምፕ፣ ውሃ ግፋ። አንተ ውሃ ካልገፋህ መጋዙ ድንጋይ አይቆርጥም፤ ድንጋዩ ግድግዳ አይሆንም፤ ባለመስመሩ ዳር አይዝም፤ ሰማያዊው ጉድጓድ አይለቅም፤ ቢጫዋም ማረፊያ የላትም።»

ፓምፑ እምም አለ። «ሆዴ ውስጥ የድንጋይ ዱቄት ተጋግሯል። ዓይናዲስ ካልፈታችኝ አንዲት ጠብታ አልገፋም።»

ዓይናዲስ መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያላት ፓምፕ ጠጋኝ ናት። እሷም ዓሣ ታረባለች፤ ነጭ ሲክሊዶች። ጋሽ መርዕድ ፓምፑን ታቅፈው ሲገቡ ቀና ብላ አየቻቸውና መፍቻዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዓይናዲስ፣ ይህን ፓምፕ ፍቺልኝ። አንቺ ካልፈታሽው ፓምፑ ውሃ አይገፋም፤ መጋዙ ድንጋይ አይቆርጥም፤ ድንጋዩ ግድግዳ አይሆንም፤ ባለመስመሩ ዳር አይዝም፤ ሰማያዊው ጉድጓድ አይለቅም፤ ቢጫዋም ማረፊያ የላትም።»

«አልፈታም።»

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋሁ ይላሉ? ባለፈው ወር “ለጥቂት ቀን ያዥልኝ” ብለው ባልዲ አስቀምጠውልኝ የሄዱት ማን ነው?»

ጋሽ መርዕድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ለሰው ሰጡ ያልኩት ለእሷ ነበረ።

«አሥራ ሁለት ዓሣ ጋሽ መርዕድ! ነጮቼ መዋኛ አጡ። ያ ትልቁ ቢጫዎ ደግሞ ነጮቼን ከብቦ ሲጨፍር ይውላል። ነገ ቢጫ የማይሆን ነጭ የማይሆን ቢፈለፈልብኝ የማን ነው ልል ነው? አሥራ ሁለቱንም ካልወሰዱልኝ ፓምፕ አልነካም።»

«ቢጫው? ቢጫዎቹ ሁሉ ሴቶች አልነበሩም እንዴ?»

«ወንዱም ሴቷም ቢጫ ናቸው፤ በቀለም ማን ይለያቸዋል? እርስዎ ትልልቆቹን መርጠው ሲያወጡ ወንዱን አብረው አወጡት።»

ጋሽ መርዕድ ደብተራቸውን አውጥተው ገለጡ። «ግን እኮ ዓይናዲስ፣ ሦስት ሆነው እንዲህ ከተናከሱ፣ አሥራ አምስት ሲሆኑ ምን ሊውጠኝ ነው? እዚህ ላይ “ብዛት ጠብ ያመጣል” ብዬ...»

«ደብተርዎ አይዋኝም። የተናከሱት ሦስት ስለሆኑ ነው! ሰማያዊው ዓይኑን ሲገልጥ የሚያያት እሷን ብቻ ነው። ሲበዙ አንዷን ማባረር ይጀምራል፣ ሌላዋ መካከል ትገባለች፣ የጀመረውን ይረሳዋል። ከየዓይነቱ አንድ ብለው አስቀሩ፤ የራሱን ዓይነት ያጣ የማንን ይፈልግ? በባልዲ ካመጡልኝ ውስጥ አራት ሰማያዊ ሴቶች አሉ። አራት ባለመስመር ሴቶች አሉ። ሦስት ቢጫ ሴቶችና ያ ወንድ አሉ። ይቁጠሩት።»

ጋሽ መርዕድ ቆጠሩ። አሥራ ሁለት ሆነ። ዳግመኛ ቆጠሩ፤ አሁንም አሥራ ሁለት ሆነ። ነገሩ ሁሉ ከራሳቸው ባልዲ እንደወጣ ሲገባቸው ጆሯቸው ቀላ።

«እወስዳቸዋለሁ» አሉ።

«እንግዲያው ይስሙኝ። መጀመሪያ ድንጋዩ ይግባ። የነበሩትንም ድንጋዮች ሁሉ ያገለባብጡ፤ የትኛውም ጉድጓድ በነበረበት እንዳይቀር። ከዚያ መብራት አጥፍተው ዓሦቹን በአንድ ጊዜ ይጨምሩ። ነባሩም እንደ እንግዳ ቤት ይፈልግ።»

እንዲህ ብላ መፍቻዋን አነሳች።

ዓይናዲስ ፓምፑን ፈታች፤ ፓምፑ ውሃ ገፋ፤ ውሃው መጋዙን አራሰ፤ መጋዙ ድንጋይ ቆረጠ፤ ድንጋዩ ግድግዳ ሆነ። ጋሽ መርዕድ እጃቸውን እስከ ክንዳቸው ነክረው ሁሉንም ድንጋይ አገለባበጡ፤ ሦስት የነበረው ጉድጓድ ዘጠኝ ሆነ። መብራት ጠፋ። አሥራ ሁለቱ ገቡ። መብራት በራ።

ባለመስመሩ ግድግዳውን አየ፣ አራቱን ሴቶች አየ፣ ዳር ያዘ። ሰማያዊው ጉድጓዶቹን ፈለገ፤ አጣቸው። ቢጫዋን አየና ተነሣባት፤ አንዷ ሰማያዊት መካከል ገባች። እሷን ትቶ ሌላዋን ተከተለ፤ ሌላዋን ትቶ ቆመ። መሀል አሸዋው ላይ ቆሞ አፉን ከፈት ዘጋ አደረገ፤ ምን ሊያደርግ እንደነበረ ጠፋው። ያን ጊዜ በግራ በኩል፣ ከግድግዳው ሥር፣ አንዲት ጉድጓድ ባዶ ነበረች። ቢጫዋ ገባች። ቢጫው ወንድ ደጃፏ ላይ መጥቶ ሊያግባባት ይንቀጠቀጥ ጀመር።

በአራተኛው ቀን ዱካሞ «ግድግዳዬን ልየው» ብሎ መጣ፤ ዓይናዲስም የዱካሞ ፓምፕ ደህና መሆኑን ጠይቃ አብራው ተቀመጠች። ጋሽ መርዕድ በደብተራቸው የድሮውን መስመር ሰርዘው «ከየዓይነቱ አንድ ወንድ፣ አራት ሴት» ብለው ጽፈዋል፤ ለጥንቃቄ ብለው መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገውበታል። ጠብ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ለአሥራ አምስት ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ደርሶታል።

ቢጫዋ ከጉድጓዷ ወጣች። ጭራዋ መግጠም ጀምሯል። ምግብ ተጣለላት፤ አልነካችም።

«እሺ፣ ጉድጓድሽን አገኘሽ» አሏት ጋሽ መርዕድ። «አሁንስ ምን ትያለሽ?»

ምንም አላለችም።

«ይህን ሁሉ ለፍተንላት!» አለ ዱካሞ። «ቆይ፣ እግዜር ይስጥልኝ ማለት አታውቅም?»

«አገጯን እይ እንጂ ዱካሞ!» አለች ዓይናዲስ። «በምን አፏ ትናገር?»

ሦስቱም ወደ መስታወቱ ተጠጉ። የቢጫዋ አገጭ አብጧል፤ ከንፈሯ ገጥሟል፤ ከጉንጯ ቆዳ በስተጀርባ ጥቃቅን ቢጫ እንቁላሎች ይታያሉ። ቢጫው ወንድ ከጎኗ ቆሟል፤ ሰማያዊው ማዶ ከራሱ ሴቶች ጋር ይጨቃጨቃል።

እንግዲህ ተረቱ እዚህ ላይ አለቀ። ለእኔ አፍ ማበሻ ዳቦ አትፈልጉ፤ የዛሬው ተረት አፍ የእሷ ነው፤ እሱም ሙሉ ነው።