አንገቱን የማይደፋው የንስር ልጅ

ተረት ተረት! «የላም በረት» በሉና ጠጋ በሉ።

ድሮ፣ ድንጋይም ነፋስም አፍ በነበራቸው ዘመን፣ ገደል ጫፍ ላይ አንዲት ኩሩ ንስር ነበረች። አንድ ልጇን «የንስር ዘር አንገቱን አይደፋም» እያለች አሳደገችው። ልጁም ቃሏን ጠበቀ። ሲበላ ቀና፣ ሲተኛ ቀና፣ ሲበርም ቀና! ጉዱ የመጣው ሲበር ነው።

በመጀመሪያው ቀን ምንቃሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ሲወጣ፣ ፍጥነቱ አለቀበትና ግራር ላይ ወደቀ።

ግራርም «እሾሄን ቆጥረህ ጨረስክ?» አለው።

በማግስቱ የጭድ ክምር ላይ ወደቀ።

ጭድም «ዛሬስ እኔ አለሁ፤ ነገስ?» አለው።

ከዚያ ወዲያ የቀረው የገደሉ ድንጋይ ብቻ ነበር። ድንጋይም ከታች ሆኖ «እኔ እንደ ጭድ መለሳለስ አላውቅም» አለ።

ይህን ጊዜ እናቱ ደነገጠች። ወደ እመት ጥንብ አንሳ ሄደች። እመት ጥንብ አንሳ የታወቀች ሆዳም ናት፤ ጠግባ ስትነሳ የወደቀችው ቁጥር የለውም።

«እኔ ወድቄ አላውቅም፤ አንቺ መውደቅ ታውቂያለሽ። ልጄን አድኚልኝ» አለቻት።

«መውደቁንስ ያለ አስተማሪ ችሎታል» አለች እመት ጥንብ አንሳ። «እኔ የማስተምረው መነሳቱን ነው።»

ልጁን ይዛ ወጣች፤ ወጣች፤ ገደሉ ከታች እስኪያንስ ወጣች።

«እትዬ፣ ለምን ይህን ያህል ወጣን?»

«ለመውደቂያ ሰፊ ቦታ እንዲኖርህ ነዋ! መሬት አጠገብ የወደቀ መማሪያ ጊዜ የለውም። በል፣ እንደ ልማድህ ውጣ።»

ምንቃሩን ሰቀለ። ዘገየ። የክንፉ ላባዎች ተንቀጠቀጡና «ጌታው፣ ነፋስ ሊለቀን ነው!» አሉ።

«ዝም በሉ!»

ነፋስም «ደረቱን ገትሮ የሚቆምብኝን መሸከም አልችልም» ብሎ ለቀቀው። ልጁ ቁልቁል ወረደ።

«ምንቃርህን ወደ ታች!» ጮኸች እመት ጥንብ አንሳ።

«አንገቴን አልደፋም!»

«ወደ ታች!»

«እናቴ ምን ትለኛለች?»

«በሕይወት ከቆየህ የምትለውን ትሰማለህ!»

ድንጋይ ከታች «ና፣ ና» አለው። ልጁ ፈራ። ያን ጊዜ አንገቱን ደፋ።

«እሰይ፣ አሁን መጣህልኝ!» አለ ነፋስ፤ በክንፉ ሥር ገባለት። ፍጥነቱም ተመለሰ።

«አሁን ቀና በል፤ ቀስ ብለህ! ቀስ!»

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ነፋስም አልለቀቀውም። እንደገና ወጥቶ ሲሞክር ላባዎቹ «ጌታ...» ሲሉ፣ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ምንቃሩን ዝቅ አደረገ። ደስታው ልክ አልነበረውም።

እናቱ ከገደሉ ጫፍ ሆና «ልጄ አንገቱን ደፋ!» ብላ ልትቆጣ ስትል፣ በአናቷ ላይ አልፎ ሄደ። ቁጣዋን ትታ በዓይኗ ተከተለችው።

እመት ጥንብ አንሳ ስትመለስ ንስሯ ተነስታ ጠበቀቻት። ላልለመደ አንገት ምስጋና ከባድ ነው። ቢሆንም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች።

እመት ጥንብ አንሳም ሳቀችና «ኧረ አንቺስ ሳትወድቂ ተማርሽ!» አለቻት።

ተረቴን መልሱ፣ ለአፌም ቁራሽ ዳቦ አትንሱ፤ ይህችንም ያዙልኝ፦ በጊዜ ያጎነበሰ፣ ከገደል ተመለሰ።