የአቶ መንበሩ ስፒከሮች

ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ መንበሩ እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቱቦዎች የምትሠራ ትንሽ የድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየር፣ ገዙና ቁም ሣጥን ከሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች ጋር ቤታቸው አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አጎሯት። እሑድ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ለምርቃቱ ተጠርቶ መጣና ቦታ አጥቶ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ቆመ። ትንሿ አምፕሊፋየር አቅም አንሷት ዘፈኑ ከሹክሹክታ አላለፈም። ሆኖም ሁሉም «ወይ ጥራት!» እያለ አጨበጨበ። ሹፌራቸው ብቻ ዝም አለ።

«አንተስ ምነው ዝም አልክ?» አሉት አቶ መንበሩ። «ውዳሴውን ጠግቤያለሁ፤ ምርጫዬን ካጣጣልክ ደግሞ ነገ የመኪናውን ቁልፍ ታስረክባለህ። በል ተናገር!»

ሹፌሩ አንገቱን ሰበር አደረገ። «ኧረ ጌታዬ፣ ምርጫዎማ ምን ይወጣለታል! ትንሿ ብቻዋን እየነደደች ትሠራለች፤ ትልልቆቹ ቦታውን ሞልተው ቆመዋል፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም። እኔማ ቢሮ የገባሁ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት።»