ማድረሱ በእኔ ነው

በአንድ ወቅት፣ ሰው ገበያ መውጣቱን ትቶ በአውራ ጣቱ መገብየት በጀመረበት ወቅት፣ አንድ የቴሌግራም ጨረታ ነበረ። የዕቃው ፎቶ ይለጠፋል፣ ሰው ዋጋ ይጠራል፣ ከፍ አድርጎ የጠራው ይወስዳል። ጨረታውን የሚመሩት አቶ ምንውዬለት የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በዕድር ዳኝነት የጨረሱ ሽማግሌ ነበሩ። ሰፈር ያስተዳደሩበትን ሕግ አንዲት አንቀጽ ሳይቀንሱ ይዘውት ስልካቸው ውስጥ ገቡ።

ሕጉ ይህ ነው። ግብይቱ ካበቃ በኋላ ሰው ስለ ሰው ይመሰክራል፤ ላመሰገነው አረንጓዴ፣ ላማረረው ቀይ። ሦስት ቀይ ያለበት ሻጭ ይሰናበታል። ቀይ ያለበት ገዢ ዕቃ አይረከብም። ቀይ ያለበት ሹፌር ጭነት አይሰጠውም። ቀዩን መሰረዝ የሚችለው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እስከ መጪው እሁድ ፀሐይ መጥለቂያ። ዳኛው ግን በአንድ ጠብ አንድ ምሕረት አላቸው፤ ማለትም አንድ ቀይ ብቻ በገዛ እጃቸው ይሰርዛሉ። «ለምን አንድ ብቻ?» ሲሏቸው፣ «ምሕረት ሲበዛ ሕግ ይረክሳል» ይላሉ። ይህን ስሰማ እኔ ደስ አላለኝም፤ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ።

ሻጯ ወይዘሮ እታፈራሁ ነበሩ፤ ኮልፌ የሚኖሩ፣ ያገለገለ ዕቃ እየገዙ፣ እየወለወሉ መልሰው የሚሸጡ ባልቴት። ከጨረታው ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም። ሁለት ቀይ አለባቸው፤ አንዱ መንገድ ላይ ለተሰነጠቀ መስታወት፣ ሌላው ዘግይቶ ለደረሰ ቁም ሣጥን። አንድ ቀን ከተዘጋ ፀጉር ቤት የገዙትን ወንበር ለጠፉ፤ ቆዳው ያልተቀደደ፣ በእግር ሲረግጡት ከፍ ዝቅ የሚል፣ ጉልበተኛ ካልሆነ የማያነሳው ከባድ ወንበር። ከፎቶው ሥር ሁልጊዜ የሚጽፉትን ጻፉ፦ «ማድረሱ በእኔ ነው።» እንዲህ ሲሉ «መኪና የምፈልገው እኔ ነኝ፣ የማስጭነው እኔ ነኝ፣ ገዢው አይንከራተት» ማለታቸው ነው። የአዲስ አበባ ደንበኞቻቸው ይህን ለምደውታል፤ ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ለጫነው ሰው ደንበኞቹ ራሳቸው ይከፍላሉ።

ገዢው እንድሪስ ነው፤ የደሴ ልጅ፣ የሸዋ በር ሰው። ዕድሜውን በሰው ቤት፣ በሰው ወንበር ላይ የሰው ራስ ሲያሳምር ኖሮ ገና አሁን የራሱን ክፍል ተከራየ። መስታወቱን ሰቀለ፣ ግድግዳውን ቀባ፣ የቀረው ወንበር ብቻ ነበር። ያለውን ሁሉ ጠርቶ ጨረታውን አሸነፈና ከፈለ። «ማድረሱ በእኔ ነው» የሚለውን ሲያነብ የገባው ለብዙዎቻችን የሚገባን ነው፤ ሰው «ሻዩ በእኔ ነው» ካለህ ኪስህን አትዳብስም። እንግዲህ ሦስት ሰው የተሰቀለው በዚያች በአንዲት «በ» ላይ ነው። እንድሪስም ቢሆን ጥርጣሬ ሽው ብሎበታል። ከኮልፌ እስከ ደሴ በነፃ? ሊጠይቅ አሰበና፣ «ከጠየቅኩማ ታስከፍለኛለች» ብሎ ተወው። «እትዬ፣ ሁሉም አልቋል አይደል?» ብሎ ብቻ ጻፈ። እሳቸውም «አልቋል ልጄ፣ አይዞህ» ብለው መለሱለት። ምኑ እንዳለቀ ግን አንዳቸውም አልተናገሩም።

ሹፌሩ ሺበሺ ነው። የሚነዳው ኢሱዙ የሰው ነው፤ ባለንብረቱ ቁልፉን የሰጠው የዚህን ጨረታ ዕቃ እንዲያመላልስበት ነው። ኪራይ የሚቀበለው ሲያወርድ ነው፤ ልማዱ እንዲህ ነው። ወንበሩን ሲጭን «ኪራዩ በማን ነው እናቴ?» አላቸው። «እዚያ ትቀበላለህ» አሉት፤ በቃው። ደብረ ሲና ላይ ምሳ ሊበላ ቆሞ ለእንድሪስ ሲደውል፣ «ኪራይ? ወላሂ እኔን ኪራይ አይመለከተኝም፤ ሴትዮዋ ናት የምትከፍለው» የሚል ሰማ። እዚያው ወደ ወይዘሮ እታፈራሁ ደውሎ ነገሩን ማጥራት ይችል ነበር። ነገር ግን ሌላም የደሴ ጭነት ነበረው፣ መንገዱም ተጋምሷል። «ደርሰን እንነጋገራለን» ብሎ ማርሽ አስገባ። በዚህች አገር «ደርሰን እንነጋገራለን» ያበላሸችውን ነገር ቆጥሮ የጨረሰ የለም።

ደርሰው ተነጋገሩ። ኢሱዙው ፀጉር ቤቱ ደጅ ቆመ፤ ወንበሩ ከላይ ታስሮ ይታያል። ሺበሺ «ሳልቀበል አላወርድም» አለ። እንድሪስ ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ አንብበው!» አለ። ድምፁን ለሁለቱም ከፍተው ኮልፌ ደወሉ።

«እትዬ፣ ማድረሱ በእኔ ነው ብለው የለም?» አለ እንድሪስ።

«ማድረሱ በእኔ አልኩ እንጂ ክፍያው በእኔ አልኩ? ይኸው ደጅህ ድረስ አላደረስኩም?»

«ያላሉትን ክፍያ ታዲያ ከየት ላምጣ? ያለኝን ለእርስዎ ሰጥቻለሁ።»

«የሰጠኸኝ ለቤት ኪራይ ገብቷል ልጄ። ሺበሺ፣ አንተ አውርድለት፤ ሌላ ዕቃ ስሸጥ እልክልሃለሁ።»

«መኪናው የእኔ አይደለም እናቴ» አለ ሺበሺ። «ለባለንብረቱ ምን ልበለው?»

መኪናው ተነሣ። እንድሪስ ከፍሎ የገዛው ወንበር ከደጁ ዞሮ ሲሄድ አየ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። እዚያው ደጁ ላይ ቆሞ በወይዘሮ እታፈራሁ ላይ ቀይ ጻፈ፦ «ቃሏን ያጠፈች።» ሦስተኛ ቀያቸው መሆኑን አላየም፤ ቢያይ ኖሮ ይተው ነበር ብዬ ግን አልምልም።

ወይዘሮ እታፈራሁ ሦስተኛውን ቀይ አዩ። ሺበሺ ትንሽ ቢታገስና ወንበሩን ቢያወርደው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር ብለው ንዴታቸውን ወደ ሹፌሩ አዞሩ። በሺበሺ ላይ ቀይ ጻፉ፦ «ደጅ አድርሶ ዕቃ የሚመልስ።»

ሺበሺ ደግሞ ወንበሩን እዚያው ደሴ ዘመዱ ግቢ አውርዶ በሸራ ሸፈነው። የልፋቱ ዋጋ ቀይ መሆኑን ሲያይ ደሙ ፈላ፤ ሲጀመር ኪራይ አልከፍልም ያለው ማን ሆነና! በእንድሪስ ላይ ቀይ ጻፈ፦ «ጭኖ ያመጣለትን ሰው የሚክድ።» ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሦስቱም ቃል ወጣ።

ከዚያ በኋላማ ማንም መንቀሳቀስ አልቻለም። የወይዘሮ እታፈራሁ ዕቃዎች ከጨረታው ተነሡ፤ እስከ እሁድ ካልተፈረደላቸው ለዘለዓለም ይወጣሉ። የተወለወለ ዕቃ መተላለፊያ እስኪጠፋ ከተከመረበት ቤት፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ስልካቸውን ያያሉ። ሺበሺን ባለንብረቱ «ጭነት ከሌለህ ቁልፉን መልስ» አለው። እንድሪስ ጠዋት ጠዋት ቤቱን ይከፍታል፤ ደንበኛ አንገቱን አስግጎ ያይና «ወንበሩስ?» ብሎ ይሄዳል። ጓደኞቹ ኪራዩን ሊያዋጡለት ፈልገው ነበር፤ ቀይ ያለበት ገዢ ግን ዕቃ አይረከብም። ወንበሩ ከእሱ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ ሸራ ለብሶ ቆሟል፤ ሊያየው ይችላል፣ ሊነካው አይችልም። መንገድ ሁሉ ተዘጋበት፤ አንጀት ይበላል።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሦስቱም የጻፉትን ቢሰርዙ ያልቅ ነበር። እያንዳንዱም «እሰርዛለሁ» ብሏል፤ «ግን መጀመሪያ የእኔ ይሰረዝ» ብሏል። በእጁ ያለው ገመድ ያ ብቻ ነዋ።

እሁድ ከሰዓት አቶ ምንውዬለት ለሦስቱም በየተራ ደወሉ። አንዲቷ ምሕረት ለምን ለእነሱ እንደምትገባ ጠየቋቸው።

ወይዘሮ እታፈራሁ፣ «ከዚህ ከወጣሁ የምገባበት የለኝም። እነሱ ወጣቶች ናቸው፤ ሌላ ያገኛሉ» አሉ።

እንድሪስ፣ «ከፍዬ ባዶ እጄን የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አባባ» አለ።

ሺበሺ፣ «በንግግራቸው ውስጥ የለሁበትም። ሁለቱ ያልተግባቡበትን ነገር ተሸክሜ ዳገት የወጣሁ ሰው ነኝ» አለ።

ሽማግሌው ተጨነቁ። ሕጋቸው ያሰረው ሦስቱን ብቻ ሳይሆን እሳቸውንም ጭምር ነው። ምሕረት ያገኘው ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ዞሮ የሌሎቹን ገመድ የመፍታት ግዴታ የለበትም። እንደገና ደወሉና በዕድር ዳኝነታቸው ዘመን ባለጉዳይ የሚፈትኑበትን ጥያቄ አመጡ፦ «ለእናንተ ባይሆንስ፣ ለማን ይሁን?»

እንድሪስ፣ «ለእትዬ ይሁን። እናቴን ያህላሉ» አለ።

ወይዘሮ እታፈራሁ፣ «ለሹፌሩ። የሰው ንብረት የያዘ ልጅ ነው፤ ያሳዝነኛል» አሉ።

ሺበሺ፣ «ለፀጉር አስተካካዩ። ባዶ ቤት ከፍቶ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ» አለ።

አቶ ምንውዬለት ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል ተናገሩ፦ «ያ ቀይ እኮ የእናንተው ነው! ጣታችሁን አንዴ ብታሳርፉበት ያዘናችሁለት ሰው ነፃ ይወጣል። እኔን ምን ታስለምኑኛላችሁ?»

ሳይመካከሩ፣ ኮልፌም ደሴም አንድ መልስ ተሰማ፦ «እኔ ከሰረዝኩ በኋላ የእኔን የሚያሰርዝልኝ ምን ይቀረኛል?»

ሽማግሌው ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ከጠለቀች ሦስቱም ቀይ እንዳለ ይጸናል። እኔ አልፈርድም፤ መፍረድ ብችል ኖሮ አላስቸግራችሁም ነበር። ቃሉን ጽፋ በሯ ለሚዘጋባት፣ ጠርጥሮ ዝም ላለው፣ ወይስ እያወቀ ለገሠገሠው? በሉ እናንተ ፍረዱ፤ ይህች አንዲት ምሕረት የምትገባው ለማን ነው?