ሳይነካ የሚያግለው ጥቅልል

አንድ ሽባባው የሚባል ብረት ሠሪ ነበረ። የከተማው ብረት ሠሪዎች ሁሉ ከሰል አንድደው ወናፍ ሲነፉ፣ እሱ ነበልባል የሌለው ምድጃ ሠራ። የመዳብ ቱቦ ጠቀለለ፤ በቱቦው ውስጥ ውሃ እንዲዞር አደረገ፤ ከዚያ ኮረንቲ ለቀቀበት። በጥቅልሉ መሐል ብረት ሲያስገባ፣ ጥቅልሉ ሳይነካው፣ ጭስ ሳይታይ፣ ብረቱ ፍም ይመስላል። ሰው ጉድ አለ። ሥራ የፈታ ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ ማየት ያዘ።

ሽባባውም መታየቱን ወደደው። «ወናፍ ነፊ ከሰሉ እስኪያያዝለት ይጠብቃል፤ የኔ ምድጃ ማንንም አይጠብቅም» ይላል።

«አንተም እንደ ምድጃህ ነህ፤ ሳይነኩህ ትግላለህ» ይሉታል ጋሽ ደርቤ፣ በወናፍ ያረጁት ጎረቤቱ። ሰው ይስቃል።

አንድ ጠዋት አንለይ የሚባል ወጣት አባት መጣ። የበኩር ልጁ ድክ ድክ ማለት በጀመረ ሰሞን ሞቶበታል። ከኪሱ በመሐረብ የተቋጠረች የብር አልቦ አወጣ፤ በልጁ እግር ላይ የነበረች ናት።

«አቅልጠህ የአንገት መስቀል አድርግልኝ» አለ። «ለእናቱ ነው። አልቦዋን ባየች ቁጥር እግሩ ይታያታል፤ ልንጥላት ደግሞ አንችልም። የሱ ብቻ ትሁን። ሌላ ብር እንዳይገባባት፣ አደራ።»

«በሳምንቱ ና» አለው ሽባባው።

ብር በጥቅልሉ እንደ ብረት ቶሎ አይግልም። ስለዚህ ሽባባው ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን የከሰል ዘንግ ፈጭቶ፣ ከሸክላ አፈር ጋር ለውሶ ማቅለጫ ጽዋ ይሠራል፤ ጽዋው ይግልና ብሩን ያቀልጠዋል። ጽዋው ግን ፀሐይ ላይ ሰንብቶ፣ ኋላም በፍም ዳር ተሟሙቆ እርጥበቱ ካልወጣለት ይሰነጠቃል። ይህን ሽባባው ያውቃል። አንለይ ከሄደ በኋላ ለማቅለጥ ሲነሣ ግን እጁ ላይ የነበረው ጽዋ ገና መለወሱ ነበር፤ ደጁ ላይ ደግሞ ሰው ተሰብስቧል።

ጋሽ ደርቤ ጽዋውን በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይሄ ጭቃ ነው ልጄ፤ ይሰንብት» አሉ።

«መሰንበት ለወናፍ ነው ጋሽዬ» አለና ሰዉን አሳቀ። አልቦዋን ጽዋው ውስጥ አስቀምጦ ኮረንቲውን ለቀቀ።

ጽዋው ቀላ። አልቦዋ ቅርጿን እየለቀቀች ስታብለጨልጭ፣ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ጽዋው ለሁለት ተከፈለ። የቀለጠው ብር ከሥር ወዳለው አሸዋ ፈስሶ ተበታተነ።

«የሙከራ ብር ነው፤ ምንም አይደል» አለ ሽባባው። ሰዎቹ አምነውት ሄዱ። ጋሽ ደርቤ ግን ትንሽ አዩትና ወደ ወናፋቸው ተመለሱ።

አሸዋውን አጥቦ ብሩን ፍሬ በፍሬ መልቀም ይቻል ነበር። የተለቀመው ግን እንደማይሞላ ያውቃል፤ ለምን ጎደለ ሲባል መናገር ሊኖርበት ነው። «ብር ብር ነው፤ ማን ይለየዋል?» አለ በሆዱ። አሸዋውን ከነስባሪው ወደ ጥግ ገፋ። ከሳጥኑ የአባቱን ጠገራ ብር አወጣ። ለውሸቱ ሲሆን አዲስ ጽዋ ለውሶ እስኪደርቅ ጠበቀ። ከጠገራው ያማረ መስቀል ሠራ፤ አንለይም በቀጠሮው መጥቶ ተሳልሞ ወሰደው።

ጥቂት ሰንብቶ አንለይ ተመልሶ መጣ። ሽባባው ሲያየው ነቃብኝ ብሎ ፈራ። አንለይ ግን ቁጭ ብሎ ምድጃውን ይመለከት ጀመር።

«እስኪ ንገረኝ፣ ሳይነካው እንዴት ነው የሚያግለው?»

ሽባባው ቀለል አለው። «እሳቱ እኮ ጥቅልሉ ውስጥ የለም። ጥቅልሉ መቀስቀስ ብቻ ነው ሥራው። ኮረንቲው ብረቱ ውስጥ ይነሣና ብረቱ በራሱ ይግላል። ውስጡ የሚቀሰቀስ የሌለው ነገር ቢውል ቢያድር አይሞቅም።» አንድ የእንጨት ቁራጭ በጥቅልሉ መሐል ይዞ ቆየና ለአንለይ ሰጠው። እንጨቱ እንደ ቀዘቀዘ ነው።

አንለይ እንጨቱን ዳበሰው። «የመጣሁትስ ላመሰግንህ ነው» አለ። «መስቀሉ ባለቤቴን ከበዳት። አልቦዋን ስታጥባት ስለኖረች ክብደቷን እጇ ያውቀዋል። እኔ እንኳ ሌላ ብር እንዳይገባ አደራ ብዬ ስለነበር ቅር አለኝ። እሷ ግን ‹የሞተ ልጅ ጌጥ ከየት ይጨምራል፤ ሰውዬው አዝኖልን ከራሱ ጨምሮበት ነው፤ በደግነት የገባ አይከፋም› አለችኝ። እግዜር ይስጥልን።»

ይህን ብቻ ነው ያለው። ድምፁን እንኳ አላነሣም። ሽባባው ግን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ነደደ። ቢሰድበው መልሶ በሰደበው ነበር፤ ምስጋናን ግን መልሶ መስደብ አይቻልም። ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«አልጨመርኩም» አለ።

«ምን አልክ?»

«ያ የልጅህ አይደለም። የልጅህ እዚያ አሸዋ ውስጥ ነው።» ከጭቃው ጽዋ ጀምሮ ሁሉንም ነገረው።

አንለይ ወደ ጥጉ አሸዋ ዞሮ አየ። «እና እናቱ ስትስመው የሰነበተችው የማንን ነው?» አለ።

«የኔን ውሸት» አለ ሽባባው።

አንለይ ተነሣ። ሽባባው ይመታኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢመታው ደስ ባለው ነበር። አንለይ ግን ጥጉ ላይ ተንበርክኮ አሸዋውን በመዳፉ ማፈስ ያዘ። ሽባባውም ሄዶ አጠገቡ ተንበረከከ። አሸዋውን በገበታ እያጠቡ ምስር የሚያካክሉ የብር ፍሬዎች ለቀሙ።

«የአልቦዋን ግማሽ አይሞላም» አለ ሽባባው። «መስቀል ቢሆን የአውራ ጣት ጥፍር አያክልም። የጎደለውን እኔ...»

«ትንሽ ነበረ» አለ አንለይ። «ትንሽ ይሁን።»

ሽባባው አዲስ ጽዋ ለወሰ፤ እስኪደርቅም ጠበቀ። ማሟሟቂያውን ፍም ከጋሽ ደርቤ ለመነ፤ እሳቸውም በአካፋ ዝቀው ሰጡት። ትንሿ መስቀል አንድ ክንዷ ዘመም ያለ ሆና ወጣች። አንለይ በዚያው መሐረብ ቋጥሮ ይዟት ሄደ። ከቤት ይዞት የመጣውን ትልቁን መስቀል ጠረጴዛው ላይ ተወለት። ሽባባው አልሸጠውም፤ አንገቱም ላይ አላዋለውም። ከምድጃው አጠገብ ሰቀለው፤ ዛሬም ዓይኑ ሲያርፍበት ጆሮው ይግላል።

ወዳጆቼ፣ በሰው ቃል ስንቃጠል ተናጋሪውን እንጠላለን። ተናጋሪው ግን ብዙ ጊዜ እንደዚያ ጥቅልል ነው፤ እሳቱ ከእሱ አይደለም፣ እኛው ውስጥ ያለውን ነው የቀሰቀሰው። ኅፍረት ክፉ ነገር አይደለም፤ ያልጋለ ብረት አይቃናም። የሚያስፈራው በምንም ቃል የማይሞቅ ሰው ነው።

እርስዎስ ምስጋና ያቃጠለዎት ቀን አለ? ከሌለ ደግሞ ራስዎን ይጠይቁ፤ ንጹሕ ስለሆኑ ነው፣ ወይስ እንጨት?