ከወፎቹ ሥር የመለሰው

የውብዳር የምትባል ሴት፣ ልጇ ከሞተችባት በኋላ፣ ወደ መምህሯ ወደ አባ ኅሩይ መጣች። ተቀመጪ ቢሏትም አልተቀመጠችም። ቆማ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጠየቀቻቸው።

«አባ፣ ከወንዙ ማዶ ሙታንን የሚያናግር ሰው አለ ይላሉ። የሄዱት ሁሉ የሞተባቸውን ሰው ድምፅ ሰምተው ነው የተመለሱት። እኔስ ልጄ አንዴ ብቻ ‹እማዬ› ስትለኝ ብሰማ ምን ክፋት አለው?»

አባ ኅሩይም ታሪክ ሊነግሯት እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበረ። በጨው ባሕር ዳር ይኖር ነበር። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአንዲት ጀልባ ይሠራ ነበር፤ ታላቁን «ጋሼ» ይለው ነበር።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ባሕሩ ላይ ወፎች ተሰብስበው ሲጠልቁና ሲወጡ ያዩ እንደሆነ ወደዚያ ይቀዝፋሉ። ወፎች ባሉበት ደቃቅ ዓሣ አለ። ከደቃቁ ሥር፣ ብርሃን እምብዛም በማይደርስበት ጥልቅ ውስጥ ደግሞ፣ ትልቁ ቀይ ዓሣ ከላይ የሚወድቀውን ፍርፋሪ እየጠበቀ ይተኛል። ሌሎች አጥማጆች መረባቸውን ለደቃቁ ይጥላሉ። ወንድማማቾቹ ግን ለቀዩ ዓሣ ረጅም ሲባጎ ያወርዳሉ።

በሲባጎው ጫፍ መንጠቆ አለ፤ ከመንጠቆው በላይ ማባበያ ይታሰራል። ማባበያ ማለት ለዓሣው የሚበላ መስሎ የሚታየው፣ ግን የማይበላ ነገር ነው። ጋሼ በሣጥን ብዙ ዓይነት ነበረው፤ ቆርቆሮ፣ መዳብ፣ የቀንድ ስባሪ፣ ላባ። ውሃው የጠራ እንደሆነ ነጩን ቆርቆሮ ይመርጣል፤ የደፈረሰ እንደሆነ መዳቡን። ማባበያው ደቃቆቹ መካከል ተንሳፍፎ እንዳይቀርም ከባድ የእርሳስ ብረት ያስርበታል። ታናሹ የሚያብረቀርቀውን ሲያነሳ፣ «ለዓይንህ ያማረህን አትምረጥ» ይለዋል። «ታች ያለው ምን አምሮት እንደተኛ አስብና እሱን አውርድለት።»

ዓሣው ሲነክስ ጋሼ አይጮህም። ከኋላው ሲባጎውን ለያዘው ወንድሙ ነካ፣ ነካ አድርጎ፣ ቀጥሎ ረዘም አድርጎ ይስብለታል። «አሁን ጎትት» ማለቱ ነው። ይህን ምልክት ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ወፎቹ እየጮሁ ሲበሉ፣ የመልሕቁ ገመድ በጋሼ እግር ላይ ተጠምጥሞ ይዞት ወረደ። ታናሹ ተከትሎት ዘለለ። እስትንፋሱ እስኪያልቅ ጠለቀ፤ እጁ የያዘው ግን ውሃ ብቻ ነበር። ሬሳው አልወጣም።

ታናሹ አላለቀሰም። ሰዎች ሊያጽናኑት ሲመጡ ጆሮውን ወደ ባሕሩ አዘንብሎ ይቀመጥ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጀልባዋን ብቻውን አወጣና ወደዚያው ቦታ ቀዘፈ።

ወፎቹ ነበሩ። ግን አይጮሁም። ይጠልቃሉ፣ ይወጣሉ፤ አፋቸው ባዶ ነው። ነፋስ የሚባል የለም። ቆርቆሮውን አወረደ፤ ምንም። መዳቡን አወረደ፤ ምንም። ከዚያ ዓይኑ ጣቱ ላይ አረፈ። የጋሼን የብር ቀለበት አድርጎ ነበር፤ ጋሼ ወደ ባሕር ሲወጣ ቤት ትቶት የሚሄደውን። አወለቀውና ከመንጠቆው በላይ አስሮ ለቀቀው።

ሲባጎው ወረደ፣ ወረደ፣ ሊያልቅ ሲል ቆመ። ከዚያም ነካ፣ ነካ፤ ቀጥሎ ረዘም ያለ ስበት።

የሰውዬው ፀጉር ቆመ። «ጋሼ?» አለ። አሁንም ነካ፣ ነካ፣ ረዘም።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መሄድ ጀመረ። ዓሣ ማጥመዱን ተወው። ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተደፍቶ የልጆቹን ነገር፣ የጎረቤቱን ነገር ወደ ውሃው ያወራል፤ ከታች ይመለስለታል። ቀለበቱን ሲያወጣው ከባሕሩ ይልቅ ይቀዘቅዝ ነበር። መልሱም ከቀን ወደ ቀን ከጠለቀ ስፍራ ይመጣ ጀመር። እሱም ሲባጎ እየቀጠለ፣ ይበልጥ እየተደፋ ሄደ፤ ፊቱ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ሚስቱ ባዶውን ቅርጫት እያየች ብዙ ቀን ታገሠች። በመጨረሻ ጠየቀችው።

«ጋሼን አግኝቼዋለሁ» አላት፤ ሁሉንም ነገራት።

አልሳቀችበትም። «ልጆቹ እንደተራቡ ነግረኸዋል?» አለችው።

«ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለህ ታዲያ?»

ባዶውን ቅርጫት በእግሩ ወደ ጥግ ገፋው።

«ጋሼ የባዳ ልጅ እንኳ ሲራብ ማየት አይችልም ነበር። ለመሆኑ የሚመልስልህ ማን እንደሆነ ጠይቀኸው ታውቃለህ?»

በማግሥቱ ሄደ። ወፎቹ ያለ ድምፅ ይዞራሉ። ቀለበቱን አወረደና «ጋሼ ነህ?» አለ። ነካ፣ ነካ፣ ረዘም። ልቡ ሞቀ። ከዚህ በላይ መጠየቅ ፈራ፤ ፈርቶም ጠየቀ።

«ወይስ አባቴ ነህ?»

ነካ፣ ነካ፣ ረዘም።

አባቱ በሕይወት ነበር። ሲወጣ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ትቶት ነው የመጣው።

ሰውዬው ቀጥሎ ማንም ተጠርቶበት የማያውቅ ስም ከራሱ ፈጥሮ ጠራ። ያው መልስ፣ በዚያው ርኅራኄ፣ መጣ። በመጨረሻ የራሱን ስም ጠራ።

ታች ያለው አሁን ነካ፣ ነካ አላለም። አንዴ ብቻ ሳበ። የጀልባዋ ጠርዝ ወደ ውሃው አዘነበለ፤ ሲባጎው መዳፉን ሰነጠቀው። ወፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ውሃው ላይ አረፉና ፊታቸውን ወደ እሱ መለሱ። ሰውዬው ቢላዋውን መዘዘ። ሲባጎውን ቆረጠው፤ ቀለበቱም አብሮ ሄደ።

ወደ ዳር እንደደረሰ አሸዋው ላይ ወድቆ፣ ወንድሙ ከሰመጠ ጀምሮ በውስጡ የያዘውን ለቅሶ አለቀሰ። ጩኸቱን ሰምቶ ጎረቤቱ መጣ፤ ሚስቱ መጣች፤ ሽማግሌው አባቱ ተደግፎ መጣ። ድንኳን ተጣለ። ሬሳ በሌለበት፣ ለጋሼ እንደሚገባው ተለቀሰለት። ከዚያ በኋላ ሰውዬው በሌሎች ወፎች ሥር ቀዩን ዓሣ ያጠምድ ነበር፤ ልጆቹም ጠገቡ። ወደዚያ ቦታ ግን አልተመለሰም። ታች የነበረው ምን እንደሆነ ያወቀ የለም። እኔም አላውቅም።

አባ ኅሩይ ይህን ብለው ወደ የውብዳር ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው የሚያጠምደው እሱ፣ የሚጠመደው ታች ያለው መስሎት ነበር። ነገር ግን ቀለበቱን ሲያወርድ ናፍቆቱን ነው ያሳየው፤ ታች ያለውም ናፍቆቱን አይቶ የሚያባብለውን መረጠለት። አንቺም ከወንዙ ማዶ ካለው ሰውዬ ደጅ ስትደርሺ የልጅሽን ስም ትነግሪዋለሽ። ‹እማዬ› የሚል ድምፅ አትሰሚም አልልሽም። ትሰሚያለሽ። ግን ከአንቺ በኋላ የምትገባውንም ሴት እንዲሁ ይላታል። ልጅሽ አንቺን በእግርሽ ኮቴ ከእናቶች ሁሉ ለይታ ታውቅሽ ነበር፤ ያ ድምፅ አያውቅሽም። በማግሥቱም ትሄጃለሽ፣ በሌላውም ቀን ትሄጃለሽ፤ አንድም ቀን ወደ ቤትሽ ተመለሺ አይልሽም። ይህን ጊዜ ባልሽ ብቻውን ተቀምጧል። እሱም ልጁ ናት የሞተችበት። ሂጂና አብራችሁ አልቅሱ። ልጅሽ ዝም ብላለች፤ ዝምታዋ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን ዝምታው የራሷ ነው።»