ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ሽምብራና የጭቃ ሹሙ ዘንግ

ተረት ልንገራችሁ? «ይንገሩን» በሉ እንጂ! ምነው፣ ምላሳችሁን ድመት በላው? እህ፣ እንደሱ ነው።

ድሮ ድሮ፣ ዝንጀሮ ሳያፍር ገበያ በሚወጣበት ዘመን፣ አስራ ስድስት ጎጆ ያላት መንደር ነበረች። ሰዎቿ ሽምብራ በደቦ ይዘራሉ፣ በደቦ ያጭዳሉ፣ ከአንድ አውድማ ይካፈላሉ። የሚያካፍላቸው የመንደሩ ሹም፣ ጭቃ ሹም አለኸኝ ነበር። የአካፋይነቱ ምልክት አንዲት ዘንግ ናት፤ ሲበላም ሲተኛም ከብብቱ አትወጣም።

ደንቡ «አካፋይ አይካፈልም» ይላል። በስንት ድርሻ እንደሚከፈል ግን የሚወስነው፣ ሲያሻውም የሚቀይረው እሱ ነው፤ ከጎጆው ቁጥር አይለፍ እንጂ። ታዲያ አለኸኝ ምን ብሎ አወጀ? «አንዲት ፍሬ ከተረፈች ጠብ ታመጣለች። ጠብ እንዳይመጣ ክምሩ በሙሉ ለአካፋዩ ይሁን!» አያችሁልኝ፣ ለሰላም ሲጨነቅ?

በየዓመቱ ፍሬ ይተርፋል። በየዓመቱ ክምሩ ወደ አለኸኝ ጎተራ ይገባል። መንደርተኛው ክረምቱን ጎመን እየቀቀለ ያልፋል፤ ልጆች በርሃብ ያለቅሳሉ።

እመት አንጓች የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ዶሮዎቻቸውን በቀን ሦስቴ ይቆጥራሉ። አንድ ዓመት አንጀታቸው አረረና ሰውን ሰበሰቡ።

«አስራ ስድስትን በዘጠኝ አባዙ። ያንን በአምስት። ያንን በሰባት። ያንን በአስራ አንድ። ያንን በአስራ ሦስት። በወጣው ልክ ሽምብራ ቁጠሩ። ትርፉን ሹሙ ሳይመጣ ቀቅላችሁ ብሉት!»

ቆጠሩ። ከቆጣሪዎቹ አንዱ፣ አያ ጓዴ፣ አስነጠሱና ቆጠራው ጠፋ፤ እንደገና ቆጠሩ። ዶሮ ሦስት ፍሬ ዋጠች፤ እንደገና ቆጠሩ። በስንት መከራ ሰባት መቶ ሃያ ሺህ ከሰባት መቶ ሃያ ሆነ። ትርፉን ንፍሮ አድርገው በሉት።

«ይህ ቁጥር እሺ ባይ ነው» አሉ እመት አንጓች። «እስከ አስራ ስድስት የፈለገውን ይጥራ፣ እኩል ይከፈላል።»

አለኸኝ መጣ። «ለሰባት!» አለ እየሳቀ። ከፈሉ፣ ከፈሉ፣ አንድም አልተረፈ።

«ለአስራ አንድ!» አለ፤ ሳቁ ቀነሰ። ከፈሉ፣ ከፈሉ፣ አንድም አልተረፈ።

«ለአስራ ሦስት!» አለ፤ ላብ አጠመቀው። ከፈሉ፣ ከፈሉ፣ አንድም አልተረፈ። አለኸኝ በአራት እግሩ ሆኖ አውድማውን ዳበሰ። አንዲት ጥቁር ነገር አገኘና «ተረፈ!» ብሎ ጮኸ። የፍየል በጠጥ ነበረች።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። አለኸኝ እልህ ያዘው።

«ለአስራ ሰባት!»

«ጎጆው አስራ ስድስት ነው እኮ፣ ጭቃ ሹም» አሉ እመት አንጓች።

«የኔስ ቤት ቤት አይደለም? እኔም ተካፋይ ነኝ!» ብሎ ከሰዉ ጎን ዘጭ አለ። ሽምብራውን ለማቀፍ ሁለት እጁን ሲዘረጋ ዘንጓ ከብብቱ ወደቀች። እመት አንጓች አነሷት።

ከፈሉ፣ ከፈሉ። አምስት ፍሬ ተረፈ!

«ጠብ መጣ! ጠብ መጣ!» ብሎ አለኸኝ ጨፈረ። «ክምሩ የአካፋዩ ነው!»

«እውነትዎን ነው» አሉ እመት አንጓች ዘንጓን ከፍ አድርገው። «አካፋይ አይካፈልም። እርስዎ ተካፋይ ነኝ ብለው ተቀመጡ። አካፋይዋ እኔ ነኝ፤ ክምሩም የኔ።»

ከዚያ ለአስራ ስድስቱ ጎጆ አከፋፈሉት። ለእያንዳንዱ አርባ አምስት ሺህ ከአርባ አምስት ፍሬ ደረሰው። በዚያ ክረምት የልጅ ለቅሶ አልተሰማም።

አለኸኝ አንገቱን ደፍቶ «አምስቷንስ እንኳ?» አለ።

«የቷን አምስት?» አሉ እመት አንጓች። «ለአስራ ስድስት ስንካፈል የተረፈ የለም።»

ለዚህ ነው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በሽምብራ ቆሎ አብሱ። ቆሎውን እኩል ተካፈሉ፤ አንዲት ፍሬ ከተረፈች ግን ጠብ ታመጣለችና ወዲህ በሉ።